ባላስቱን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ቱቦውስ?

ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚወስደው የአምቦ መንገድ አመሻሽ ላይ ሳንሱሲን ስታልፉ የሱቆቹን ጣሪያ ልብ በሉ። አንዱ ዘንድ ጫፍና ጫፉ የጠቆረ ረጅም ፍሎረሰንት ኮሬንቲ በወረደ ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል። ጎረቤቱ ዘንድ ኤልኢዲ ተተክቶ ዕቃው ሁሉ ፍንትው ብሏል። የሁለተኛው ዓይነት ሱቅ እየበዛ ነው፤ መብዛቱም ደግ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከጣሪያው የሚወርደው አሮጌ ቱቦ ነው።

ባለሱቆቹ የተሳሳተ ሒሳብ አልሠሩም። 36 ዋት የተጻፈበት ቱቦ ባላስቱ የሚበላው ሲጨመርበት 44 ዋት አካባቢ ይወስዳል፤ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ኤልኢዲ 18 ዋት ይበቃዋል። አራት መብራት በቀን አምስት ሰዓት የሚያበራ ሱቅ በወር ወደ 15 ኪሎዋት ሰዓት ያተርፋል። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር በመወሰኑ ትርፉ እያደር ይጎላል። በዚያ ላይ ስታርተር እየገዙ መቀያየር ይቀራል።

የአምፖል ለውጥ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ኃይል አጥሮ መብራት በፈረቃ ይሰጥ በነበረበት ዘመን ግድም የያኔው የመብራት ኃይል ኮርፖሬሽን ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን ለነዋሪው አድሎ ነበር። ጭነትን በመቀነስ ረገድ ብልህ ሥራ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ጠመዝማዛ አምፖሎችም እንደ ፍሎረሰንቱ ሜርኩሪ ነበረባቸው። ሲቃጠሉ ተቀብሎ የሚሰበስብ ቦታ በእኛ ሰፈር አይቼ አላውቅም። አሁንም ያንኑ ልንደግመው ነው።

ኤሌክትሪሽያኑ አሮጌውን መብራት ሲያወርድ የሚሆነውን እንይ። ባላስቱ ውስጥ መዳብ ስላለ ቆራሌው ተከራክሮ ይገዛዋል። የቆርቆሮው ገበታም ገዢ አያጣም። ቱቦውን ግን ማንም አይፈልገውም። አጥር ሥር ተደግፎ ይሰነብትና ወይ ልጆች ሰይፍ ይጫወቱበታል፣ ወይ በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ይሰጣል። ሲሰበር ውስጡ ያለው ሜርኩሪ በትነት መልክ ይወጣል። በአንድ ቱቦ ውስጥ ያለው ጥቂት ሚሊግራም ነው፤ አንድ ቱቦ ተሰበረ ተብሎ ሰፈር አይታመስም። ቀኑን ሙሉ ከረጢት የሚሸከሙትና የሚያራግፉት ሴቶችና ወጣቶች ግን የሚተነፍሱት የአንድ ቤት ብቻ አይደለም።

የከረጢቱ መድረሻም ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ የሚገኘው ረጲ፣ ሁላችንም ቆሼ የምንለው ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎችን የቀበረበት ቦታ ነው። በዚያ ክምር ላይ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ከቤታችን ያወጣነው ነገር ሁሉ ሰው እጅ ላይ እንደሚወድቅ ከዚያን ቀን ወዲህ አላወቅንም ልንል አንችልም።

ሜርኩሪን ለመቆጣጠር እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው የፍሎረሰንት ቱቦ ማምረትም ሆነ ከአገር አገር መሸጥ እስከ 2027 ድረስ እንዲቆም ተስማምተዋል። ስለዚህ ዕቃው ከገበያ መውጣቱ አይቀርም፤ የሚወርደው ቱቦም ከዓመት ዓመት ይበዛል። በአገራችንም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል። የጎደለው አዋጁ ወደ ቀበሌ መንደራችን የሚወርድበት መንገድ ነው።

መንገዱ ደግሞ ከባድ አይደለም። ኤልኢዲ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ አሮጌውን ቱቦ ይቀበል፤ አዲሱ የመጣበት ካርቶን አሮጌውን ሳይሰበር ለማስቀመጥ ይሆናል። አስመጪውም አዲስ ዕቃ ሲያደርስ የተጠራቀመውን ይዞ የመመለስ ግዴታ ይኑርበት። ወረዳው የተሰበሰበው ቱቦ ከሌላው ቆሻሻ ጋር ሳይቀላቀል የሚቆይበት አንድ የተቆለፈ ክፍል ያዘጋጅ። ቆራሌው ለባላስቱ እንደሚከፍል ሁሉ ለቱቦውም ጥቂት ሳንቲም ቢታሰብ አጥር ሥር የሚቀር አይኖርም።

እስከዚያው አንባቢዬ፣ መብራትዎን ሲያስቀይሩ ብሬከሩን ያጥፉ፤ ሥራውን ለባለሙያ ይስጡ፤ ባላስቱ ከመስመር ከወጣም ሌላ ሰው ተሳስቶ ፍሎረሰንት እንዳይሰካበት ገበታው ላይ ያስጽፉ። ቱቦው ከተሰበረ መስኮት ከፍተው ከክፍሉ ይውጡ፤ ሲመለሱም በመጥረጊያ ሳይሆን በወፍራም ወረቀት ይፈሱት። ካልተሰበረ ደግሞ በካርቶን አድርገው ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡት። የሸጠልዎትንም ሰው «አሮጌውን ትቀበለኛለህ?» ብለው ይጠይቁት። ደንበኛ ሁሉ ከጠየቀ ነጋዴው መልስ መፈለጉ አይቀርም።