ሞተሩ አንድ ይሁን፣ ክንፉ የየራሳችን

ባለፈው እትም ስለ ሪሞት አውሮፕላን ውድድራችን የወጣውን ዜና አንብቤዋለሁ። ደስ ይላል። ግን ያልተጻፈ ነገር ስላለ እሱን ልጻፍ ብዬ ነው።

የዚያን ቀን ሜዳው ላይ ሁለት እንጨት ተተክሎ ነበር። አውሮፕላኖቹ እንጨቶቹን አምስት ጊዜ ዞረው መጨረስ ነበረባቸው። የተወዳደርነው ሦስት ልጆች ብቻ ነን። ለምን ሦስት ብቻ? ማስታወቂያው «የራሱን ሞተር፣ ባትሪና ሪሞት ይዞ መምጣት የሚችል» ስለሚል ነዋ! አንደኛ የወጣችው ከሱቅ ተገዝታ የመጣችዋ ናት። የእኔ ሁለተኛው ዙር ላይ አፍንጫዋን መሬት ተከለች። ተሸንፎ ነው እንዲህ የሚያወራው ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ፣ ተሸንፌአለሁ።

ነገሬ ግን ስለ እኔ አይደለም። የእኔን አውሮፕላን ወርውሮ ያስነሳልኝን ልጅ አስታወሳችሁት? ከክፍላችን ምርጡን ክንፍ የሠራው እሱ ነው። ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም በምላጭ ቆርጦ፣ እንዳይታጠፍ መሃሉ የቀርከሃ ስንጥር አስገብቶ፣ የክንፉን ጫፎች ትንሽ ወደ ላይ አንስቶ ነው የሠራት። ያለ ሞተር እንዲሁ በእጁ ሲወረውራት ከክፍላችን በር ተነስታ ባንዲራ መስቀያው ጋ ትደርሳለች። የእኔማ የመጀመሪያዋ ክንፍ በሱፐር ግሉ ቀልጣ ነው የቀረችው። (ፎም በሱፐር ግሉ እንዳታጣብቁ፣ ይበላዋል! በነጭ ኮላ አጣብቆ እስከ ነገ መጠበቅ ነው።) ይህንንም የነገረኝ እሱ ነው። ሞተር ስለሌለው ግን ስሙ አልተመዘገበም።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ክበቡ አንድ ሞተር ይኑረውና ሁላችንም በእሱ እናብርር። የእኔ አውሮፕላን ከተሰበረ መጫወቻ የተፈቱ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ናቸው ያሏት። የቀኙ ሲፈጥን ወደ ግራ ትዞራለች፣ የግራው ሲፈጥን ወደ ቀኝ፤ ሌላ መሪ የላትም። ሁለቱ ሞተሮች፣ የሪሞቱ መቀበያና ባለ 3.7 ቮልቱ ባትሪ አንድ ቀጭን እንጨት ላይ ከታሰሩ፣ እንጨቱን በላስቲክ ከአንዱ ክንፍ ፈትቶ ሌላው ላይ ማሰር ይቻላል። ቤት ውስጥ ሞክሬዋለሁ። የሚያስቸግረው ሚዛኑ ነው። የክንፉ ስፋት ከፊት ሲለካ ሩቡ አካባቢ በሁለት ጣት ስናነሳት ቀጥ ብላ መቆም አለባት፤ ጅራቷ ወደ ታች ከወረደ ባትሪውን ወደ ፊት መግፋት ነው።

«በአንድ ሞተር እንዴት ውድድር ይሆናል?» ያለኝ ልጅ አለ። በሰዓት ነዋ! ተራ በተራ እናበራለን፣ የስፖርት ቲቸር ደግሞ ሰዓት ይይዙልናል። አብረን ስናበር እኮ የሆነውን አይታችኋል። የሁለታችን ሪሞት ባለ 27 ሜጋኸርትዝ ስለነበር የእኔ አውሮፕላን የሌላውን ልጅ ትእዛዝ እየሰማች ነው የወደቀችው። ባትሪው ግን ያሳስበኛል፤ አንዱ በሞላ፣ ሌላው በደከመ ባትሪ ማብረር የለበትም። ቢያንስ ሦስት ባትሪ ያስፈልጋል፤ ይህን አልደብቅም።

ተገዝታ የመጣችውን ያመጣው ልጅም እንዲቀር አልፈልግም። ሪሞት አያያዝ ከሁላችንም እሱ ይበልጣል፣ ያስተምረን። ክንፉን ግን እንደኛው ይሥራ። የእሱን አውሮፕላን ለክቶ መገልበጥም አያዋጣም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች፣ አየሩ በባሕር ወለል ላይ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያቺው አውሮፕላን እዚህ ላለመውደቅ የበለጠ መፍጠን አለባት። እኛ ሰፋ ያለ ክንፍ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

«ሞተሩን ክበቡ ከሰጠንማ ምኑን ሠራነው?» ብላ የጠየቀችኝም አለች። በ1928 ዓ.ም. የበረረችውና በ2016 ዓ.ም. ከጣሊያን የተመለሰችልን «ፀሐይ» አውሮፕላንም እኮ ሞተሯ ከውጭ የመጣ ነበር። አገራችን ውስጥ ተሠራች ማለታችንን ግን አልተውንም።

ቀጣዩ ውድድር ሰኔ ላይ ነው። ዓርብ ከሰዓት ክበቡ ሲሰበሰብ ሁለቱን ሞተሮቼንና መቀበያውን ይዤ እመጣለሁ፤ ለጊዜው የእኔ የሁሉም ይሁን። የክበባችን ቲቸር፣ እርስዎ ደግሞ እባክዎ ማስታወቂያው ላይ «የራሱን» የምትለዋን ቃል ይሰርዙልን።