የጤና ዕቅድ በማን ገንዘብ፣ ለማን ጥቅም?

የአንድ አገር የጤና ዕቅድ በወረቀት ላይ ሲነበብ ሁልጊዜ ያማረ ነው። ሁሉም ዕቅድ እናቶችን ያስቀድማል፤ ሁሉም ዕቅድ ሕፃናትን ይታደጋል፤ በሽታን መከላከል ከማከም ይቀድማል የማይል ሰነድ እስካሁን አላጋጠመንም። ስለሆነም ዕቅድን ለመመዘን የሚሻ የቀበሌ ነዋሪም ሆነ ሠራተኛ ከመግቢያው ቃል ይልቅ በሁለት ጥያቄዎች ላይ ማተኮር ይገባዋል። አንደኛው፣ ገንዘቡ ሲያንስ ቀድሞ የሚቆረጠው የቱ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የሠራተኛው ደመወዝና የመድኃኒቱ ዋጋ ከማን ካዝና ይወጣል የሚለው ነው። በቅርብ ዓመታት በአገራችን የታየው ተጨባጭ ሁኔታ በተለይ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ከንድፈ ሐሳብ ክርክር አውጥቶ በየጤና ጣቢያው በር ላይ አቁሞታል።

አንባቢያን እንደሚያስታውሱት በጥር ወር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን በአንድ ትእዛዝ ካገደ በኋላ፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው በኤች አይ ቪና በወባ መከላከል ሥራ ላይ ተሰማርተው የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። ርዳታውን ያከፋፍል የነበረው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ራሱ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ተዘጋ። ይህ የሆነው ደግሞ ወባ በአገራችን እጅግ ባገረሸበት ወቅት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ከ7 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1 ሺህ 157 ሟቾች ተመዝግበዋል። በሽታው በበረታበት ሰዓት በሽታውን የሚዋጋው ሠራተኛ ተሰናበተ ማለት ነው።

ሰጪው ለምን እጁን ሰበሰበ ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። ቁጣው መሠረተ ቢስ ነው አንልም፤ በሌላ አገር ሕመምተኛ ሕይወት ላይ ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ መወሰን በየትኛውም ሚዛን ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ጉዳዩን በጥሞና ለሚመረምር ሰው ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የሰው ገንዘብ በሰው ፈቃድ የሚመጣ፣ በሰው ፈቃድም የሚቀር መሆኑ የታወቀ ነው። በየወሩ መከፈል ያለበትን ደመወዝ በማናቸውም ጊዜ ሊነጠቅ በሚችል ገንዘብ ላይ የመሠረተ ሰነድ፣ ስሙ ዕቅድ ይባል እንጂ ይዘቱ ምኞት ነው።

ርዳታ ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲቋቋም የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ ርዳታ በሥራው ተካፋዮች ነበሩ። ከኮሌጁ የወጡት የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች ግን በቡድን እየሆኑ በየጤና ጣቢያው ተሰማሩ። ለጋሹ ቢሄድም ዕውቀቱ አልሄደም። እንዲያ ያለ ትምህርት ቤት ምን ያህል ያስፈልግ እንደነበረ የታየው ብዙ ሳይቆይ ነው፤ በ1950 ማለቂያና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በደጋማው ክፍል በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል ሕዝብ እንዳለቀ ይገመታል።

ጤና የሐኪም ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ በዓለም መድረክ በይፋ የተነገረው ከጳጉሜን 1 ቀን 1970 እስከ መስከረም 2 ቀን 1971 ዓ.ም. በአልማ አታ ከተማ በተደረገው ስብሰባ ላይ ነው። 134 አገሮች የተወከሉበት ይህ ጉባኤ ንጹሕ ውሃ፣ በቂ ምግብ፣ የአካባቢ ንጽሕና፣ ክትባት፣ የእናቶች ክብካቤና አስፈላጊ መድኃኒቶች በመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ሥር እንዲጠቃለሉ፣ ሕዝቡም በዕቅዱ ተሳታፊ እንዲሆን ጠየቀ። የቃሉ ቀለም ሳይደርቅ መሸርሸር ጀመረ። በመጀመሪያ፣ ሁሉን ከመሥራት ይልቅ ርካሽ የሆኑና ውጤታቸው ቶሎ የሚቆጠር ጥቂት ተግባሮችን መርጦ መሥራት ይሻላል የሚሉ ተነሡ። ቀጥሎም የአበዳሪዎች ግፊት በበረታበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በባማኮ በተደረገ ስብሰባ፣ የአፍሪካ ሕመምተኛ ለመድኃኒቱ ዋጋ ከኪሱ እንዲያዋጣ ሐሳብ ቀረበ። ክትባትና ለተቅማጥ የሚሰጠው የስኳርና የጨው ውሕድ የብዙ ሕፃናትን ሕይወት ማትረፋቸውን የሚክድ የለም፤ እኛም አንክድም። ነገር ግን የሚቆጠረው ብቻ ሲመረጥ ምንጩ ሳይጎለብት፣ ቆሻሻው ሳይወገድ ይቀራል። ለአንድ በሽታ አንድ ፕሮጀክት፣ አንድ መኪና፣ አንድ መዝገብ እየተባለ፣ ሕመምተኛ ተሰልፎ ሳለ ለየለጋሹ የተለየ ሪፖርት ስትሞላ የምትውል ነርስ የተፈጠረችውም ከዚሁ አሠራር ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከዚህ አንጻር ሲታይ ልዩ ግምት ይገባዋል። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ ወጣት ሴቶች ከዚያው ከአካባቢያቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ከሠለጠኑ በኋላ፣ 5 ሺህ ያህል ሕዝብ ለሚኖርበት ለያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ሥራቸው መጸዳጃ ጉድጓድ ከማስቆፈር እስከ ክትባት፣ ከቤተሰብ ምጣኔ እስከ ወባ አጎበር በ16 ክፍሎች የተዘረዘረ ነበር። ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። ሐኪም ያልረገጠውን ደጅ እነሱ ረገጡ። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ1992 ዓ.ም. በሕይወት ከሚወለዱ 1 ሺህ ሕፃናት መካከል 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ ይህ ቁጥር በ2008 ዓ.ም. 67፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 59 ሆነ። ውጤቱ ሁሉ የነሱ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ መንገዱም፣ ትምህርቱም፣ እህሉም ድርሻ አለው።

ለተነሣንበት ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የነዚህ ሴቶች ደመወዝ የሚከፈለው ከመንግሥት በጀት መሆኑ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ትእዛዝ የነሱን ቅጥር ሊያፈርስ አይችልም፤ ቅጥራቸው ከወረዳቸው ጋር ነውና። በቦርሳቸው ያለው ግን ሌላ ታሪክ አለው። ክትባቱ፣ አጎበሩ፣ የወባው መድኃኒት በአብዛኛው በውጭ ገንዘብ ሲገዛ የኖረ ነው። ሠራተኛዋ በአገር ገንዘብ ቆማ ቦርሳዋን የሚሞላው ሌላ ነው ማለት ነው። መጪው ዕቅድ በቅድሚያ መድፈን ያለበት ቀዳዳ ይህ ይመስለናል።

እዚህ ላይ መከላከል ርካሽ ነው የሚለው አባባል፣ እውነት ቢሆንም፣ የቀረውን ላለመሥራት መሸሸጊያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በምጥ ላይ ሳለች ደም የሚፈስሳት ሴት በምክር አትድንም። ደም፣ አምቡላንስ፣ ማደንዘዣና ቀዶ ጥገና የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋታል። በ1992 ዓ.ም. ከመቶ ወሊዶች በጤና ተቋም የሚፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሰዋል። የእናቶች ሞትም ከ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር ሲሰላ በ1992 ከነበረበት 871 በ2008 ዓ.ም. ወደ 412 ወርዷል። ትልቅ ለውጥ ነው፤ ሆኖም 412 ማንንም የሚያኮራ ቁጥር አይደለም። ለገበሬው ጤና ኬላ ይበቃዋል፣ ሆስፒታል የከተሜ ነው የሚል አስተሳሰብ፣ በአፍ ባይነገርም በበጀት ድልድል ውስጥ ሲገለጽ፣ በአንድ አገር ሁለት ዓይነት ሞት ይደነግጋል።

ሆስፒታል ለማሠራት ካፒታል በጀት ይመደባል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ በኋላ መብራቱን፣ ኦክስጅኑን፣ መድኃኒቱንና ደመወዙን ዓመት ከዓመት የሚሸከመው መደበኛ በጀት ነው፤ ለእሱ የሚያጨበጭብ የለም። በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. በርካታ የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው ይታወሳል። ጥያቄውን የሥነ ሥርዓት ጉዳይ አድርጎ ብቻ የሚመለከት ሰው ከዕቅዱ ጋር ያለውን ትስስር ስቶታል። ሐኪም በየዓመቱ እየተመረቀ በደመወዙ መኖር ካልቻለ፣ የማሠልጠኛው ወጪ በመጨረሻ ለሌላ አገር ሆስፒታል የተሰጠ ስጦታ ይሆናል፤ ድሃው ለሀብታሙ የሚለግሰው ርዳታ መሆኑ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የአፍሪካ መንግሥታት በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. በአቡጃ ተሰብስበው ከበጀታቸው ከመቶ 15 ለጤና ለማዋል ቃል ገብተው ነበር። ከአህጉሩ አብዛኞቹ፣ አገራችንም ጭምር፣ ከዚህ ደረጃ አልደረሱም። በአገራችን ከጠቅላላው የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛ ያህሉን የሚሸፍነው ሕመምተኛው ራሱ ከኪሱ አውጥቶ ነው፤ ይህም በሬውን ሸጦ የሚታከም ገበሬና ከአራጣ አበዳሪ ደጅ የሚቆም ወዛደር አለ ማለት ነው።

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይህን ሸክም ለመከፋፈል የታሰበ ነው። ሕዝባችን ለዕድርና ለዕቁብ እንግዳ ስላልሆነ ሐሳቡን ለመረዳት አልተቸገረም። የሚቸግረው መዋጮውን ከፍሎ ካርዱን ይዞ ሲሄድ መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዛ ሲባል ነው። ይህ የደረሰበት አባወራ በሚቀጥለው ዓመት አባልነቱን ባያድስ ንቃተ ኅሊና አንሶት አይደለም፤ ሒሳብ ስለሚያውቅ ነው። ለደመወዝተኛው በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው የማኅበራዊ ጤና መድንም ለብዙ ዓመታት በተግባር ሳይውል ቆይቷል። ሠራተኛው ከደመወዜ አይቆረጥ ሲል የተከራከረው ቀድሞውንም የማይበቃውን በመቁጠር መሆኑን እንረዳለን፤ የተሻለው ክርክር ግን የተቆረጠው ገንዘብ በየትኛው የመድኃኒት መደርደሪያ ላይ ይታያል የሚለው ነበር።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ከዚያ በፊት በየቀበሌው በሚደረገው ውይይት ላይ የሚገኝ ነዋሪ ስንት ጤና ጣቢያ ይሠራል ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ፣ ያለው ጤና ጣቢያ ባለፈው ዓመት ስንት ቀን ያለ መድኃኒት እንደቆየ፣ ከሠራተኞቹ ስንቶቹ በመደበኛ በጀት ስንቶቹ በፕሮጀክት እንደተቀጠሩ፣ ፕሮጀክቱም የሚያበቃው መቼ እንደሆነ ይጠይቅ። መልሱ በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ካልተገኘም ያ ራሱ በቃለ ጉባኤው ላይ ይመዝገብ።