ፋብሪካው በምሥራቅ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በምዕራብ

እ.ኤ.አ. በ1977 ምሥራቅ ጀርመን ቡና ቸግሯት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ብራዚልን የመታው ውርጭ የዓለምን የቡና ዋጋ ሰማይ ሰቅሎት ስለነበር፣ ጠንካራ የውጭ ምንዛሪ የሌላት ምሥራቅ በርሊን ፊቷን ወደ አዲስ አበባ አዞረች። ስምምነቱ ለማንም ነጋዴ የሚገባ ነበር። ኢትዮጵያ ቡና ትልካለች፤ ምሥራቅ ጀርመን በምትኩ የጦር መሣሪያ፣ የጭነት መኪናና ሌላ ዕቃ ትሰጣለች። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ ወገን ቡናውን በጠንካራ ምንዛሪ ካልሆነ አልሸጥም አለ፤ ምሥራቅ ጀርመንም ቡና ፍለጋ ወደ ቬትናም ሄደች።

በጭነት ሥራ ላይ የቆየ የኢትዮጵያ ነጋዴ ኢፋ የተባለውን መኪና ያውቀዋል። የሚሠራው ከበርሊን በስተደቡብ ባለችው ሉድቪግስፌልደ በተባለች ከተማ ነበር። ለመሆኑ አንድ ኢፋ ስንት ያወጣ ነበር? በቡና ኬሻ ከተሰላ መልስ ነበረው። በሩብልና በዕቃ ልውውጥ ለሚገበያዩት የሶሻሊስት አገሮችም መልስ ነበረው። በምዕራብ ጀርመን ማርክ ግን ትክክለኛ ዋጋውን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጠያቂም አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ሐምሌ 1 ቀን 1990 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ነው። በዚያ ዕለት የምዕራቡ ዶይች ማርክ የምሥራቁም መገበያያ ሆነ።

ምንዛሪው ለደመወዝ፣ ለጡረታና ለቤት ኪራይ አንድ ለአንድ ተቆረጠ። የቁጠባ ገንዘብም እንደ ባለቤቱ ዕድሜ ከ2 ሺህ እስከ 6 ሺህ ማርክ ድረስ አንድ ለአንድ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ለአንድ ሆነ። ጉዳዩን በገበያ ዓይን ላየው ሰው አስደንጋጭ ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የምሥራቅ ጀርመን የውጭ ንግድ ድርጅቶች አንድ የምዕራብ ማርክ ለማግኘት በአማካይ 4.4 የምሥራቅ ማርክ የሚያስወጣ ዕቃ መሸጥ ነበረባቸው። የምዕራቡ ማዕከላዊ ባንክ፣ ቡንደስባንክ፣ ሁለት ለአንድ ይሁን ብሎ መክሮ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። የባንኩ ፕሬዚዳንት ካርል ኦቶ ፖል በ1991 የሥራ ዘመናቸው ሳያልቅ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

ለቻንስለር ኮል ፍርድ መስጠት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በ1989 ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተሻግረው ነበር። ማርኩ ወደ ሕዝቡ ካልመጣ ሕዝቡ ወደ ማርኩ እንደሚሄድ ግልጽ ነበር። ምርጫም ነበረ። በደመወዝ በኩል ደግሞ አንድ ለአንዱ ብቻውን ያን ያህል የከፋ አልነበረም፤ የምሥራቅ ሠራተኛ ደመወዝ በዶይች ማርክ ተቆጥሮ እንኳ ከምዕራቡ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነበርና። ጉዳቱ የበረታው ቀጥሎ በመጣው የደመወዝ ድርድር ነው።

ስለዚህ ድርድር ብዙ አይወራም። በመጋቢት 1991 የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበርና የአሠሪዎች ማኅበር የምሥራቁ ደመወዝ በደረጃ እያደገ በ1994 ከምዕራቡ ጋር እኩል እንዲሆን ተስማሙ። በጠረጴዛው በአንድ በኩል የተቀመጡት የምዕራብ ሠራተኛ ማኅበር መሪዎች ነበሩ፤ ርካሽ ጉልበት ከምሥራቅ መጥቶ የአባሎቻቸውን ሥራ እንዲሻማ አይፈልጉም። በሌላው በኩል የተቀመጡት የምዕራብ አሠሪዎች ተወካዮችም በርካሽ ደመወዝ የሚያመርት ተወዳዳሪ በጎረቤታቸው እንዲነሣ አይፈልጉም። የምሥራቁ ፋብሪካ የግል ባለቤት ገና አልነበረውምና ስለ እሱ ኪስ የሚከራከር ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ኢኮኖሚስቱ ሃንስ ቬርነር ሲን ይህን ነጥብ ያኔውኑ አንሥቶ ነበር። አሠሪዎቹ ስምምነቱ እንደማያዋጣ ገብቷቸው በ1993 ሲያፈርሱት ሥራ ማቆም ተከተለ፤ ያኔ ግን የፋብሪካዎቹ አብዛኛው ጉዳይ አልቆ ነበር።

ከ1991 መጀመሪያ ጀምሮ የሶሻሊስት አገሮች የእርስ በርስ ንግድ በጠንካራ ምንዛሪ እንዲሆን ተወሰነ፤ የምሥራቁ ዋና ደንበኛ የነበረችው ሶቪየት ኅብረትም መክፈል አቃታት። የአገሩ ሸማች ደግሞ አዲሱን ማርክ ይዞ የምዕራብ ዕቃ ሊገዛ ተሰለፈ፤ የጎረቤቱ ፋብሪካ የሚያመርተውን ወተት እንኳ ትቶ። በ1991 የምሥራቅ ጀርመን የኢንዱስትሪ ምርት ከሁለት ዓመት በፊት ወደነበረው አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ።

ፋብሪካዎቹን ወደ ግል የማዞሩ ሥራ ትሮይሃንድ ለተባለ ድርጅት ተሰጠ። በኢትዮጵያ የፕራይቬታይዜሽን ኤጀንሲ ይሠራው የነበረውን ሥራ የመሰለ ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። ትሮይሃንድ የተረከበው 8,500 ገደማ ድርጅቶችንና 4 ሚሊዮን ገደማ ሠራተኞችን ነበር። ሊቀመንበሩ ዴትሌቭ ሮቬደር ንብረቱን በጠቅላላው 600 ቢሊዮን ዶይች ማርክ ገምተውት ነበር። ሮቬደር ሚያዝያ 1 ቀን 1991 በቤታቸው ሳሉ በጥይት ተገደሉ፤ ቢርጊት ብሮይል ተተኩ። ድርጅቱ በ1994 መጨረሻ ሲዘጋ ሒሳቡ የታየው በትርፍ ሳይሆን ከ250 ቢሊዮን ዶይች ማርክ በላይ በሆነ ኪሳራ ነው። ከ3 ሺህ በላይ ድርጅቶች ተዘግተዋል።

ጀምበር ስትጠልቅ ሽንኩርቱን ጠራርጎ የሚሸጥ ቸርቻሪ ምን ዋጋ እንደሚያገኝ የገበያ ሰው ያውቃል። ትሮይሃንድ ያን ሁሉ ንብረት በአራት ዓመት ውስጥ ለገበያ አወጣ፤ ገንዘብ ያላቸው ገዢዎች ደግሞ በአብዛኛው የምዕራብ ኩባንያዎች ነበሩ። ከእነሱም ብዙዎቹ የሚፈልጉት የምሥራቁን 16 ሚሊዮን ደንበኛ እንጂ ማሽኑን አልነበረም፤ ለደንበኛው የሚያስፈልገውን በምዕራብ ያለው ፋብሪካቸው የሌሊት ፈረቃ ጨምሮ ማምረት ይችላል። የአገሬው ሰው ካፒታል አልነበረውም፤ ቁጠባው ለመኪናና ለቴሌቪዥን እንጂ ለፋብሪካ አይበቃም። ከተሸጠው ንብረት በምሥራቅ ጀርመናውያን እጅ የገባው 5 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ዛሬም ድረስ የሚታየው ልዩነት ሥሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በመንገድና በስልክ እጥረት አይደለም።

መንገዱና ስልኩማ ተሠርቷል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የፈሰሰው ገንዘብ እንደ አቆጣጠሩ ከ1.5 እስከ 2 ትሪሊዮን ዩሮ ይገመታል፤ ትልቁ ክፍል የሄደው ለጡረታና ለሥራ አጥ ድጎማ ነው። ከ2005 እስከ 2019 በዘለቀው ሁለተኛው የትብብር ስምምነት ብቻ 156 ቢሊዮን ዩሮ ተመድቧል።

ለባለሀብት አንባቢ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የቤት ግንባታው ጉዳይ ነው። መንግሥት በምሥራቅ ቤት ለሚሠራ ሰው የወጪውን 50 በመቶ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚታክስ ገቢው ላይ እንዲቀንስ ፈቀደለት። የምዕራቡ የጥርስ ሐኪምና ጠበቃ ቦታውን ሳያይ በላይፕሲግ አፓርታማ ገዛ። ቤቱ ተከራይ ያግኝ አያግኝ ሁለተኛ ጉዳይ ነበር፤ ትርፉ ያለው ከታክሱ ላይ ነውና። በዚያው ከተማ የድሮ ሕንፃዎችን በሚያምር ሁኔታ ያደሰው ዩርገን ሽናይደር የተባለ ባለሀብት በ1994 ከአምስት ቢሊዮን ዶይች ማርክ በላይ የባንክ ዕዳ ትቶ ጠፋ። የእጅ ሥራ ባለሙያዎች ያልተከፈላቸው 50 ሚሊዮን ማርክ ገደማ ነበር፤ የዶይቸ ባንክ ኃላፊ ይህን ገንዘብ ከለውዝ ፍሬ ቆጥረው በመናገራቸው አገር ሁሉ ሲተርትባቸው ኖሯል። ሰውየው ወደ ምዕራብ ሲጎርፍ ቤቱ ግን እየተሠራ ነበርና በ2000 ገደማ በምሥራቅ አንድ ሚሊዮን ያህል መኖሪያ ቤት ባዶ ቆመ። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ለማፍረሻ ገንዘብ መክፈል ያዘ። ለመሥራት የደጎመ፣ ለማፍረስም ደጎመ።

ውጤቱ ምን ሆነ? በመንግሥት ዓመታዊ ሪፖርት መሠረት የምሥራቁ የኢኮኖሚ አቅም በ1990 ከምዕራቡ 43 በመቶ የነበረው በ2018 ወደ 75 በመቶ ደርሷል። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ሮበርት ባሮ ከጥናቶቹ ተነሥቶ ያቀረበው ሒሳብ፣ የድሃና የሀብታም ክፍለ አገር ልዩነት በዓመት 2 በመቶ ገደማ እየጠበበ ግማሹ ለመዘጋት 35 ዓመት ይፈጃል የሚል ነው። በዚህ ሚዛን ምሥራቅ ጀርመን ፈጥናለች እንጂ አልዘገየችም። ጡረታውም ከሐምሌ 2023 ጀምሮ በሁለቱም ወገን በአንድ ስሌት ይከፈላል። የሥራ አጡ ቁጥር በ2005 ከ18 በመቶ በላይ የነበረው በ2019 ከ7 በመቶ በታች ወርዷል፤ በመሃል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ወደ ምዕራብ ጠቅልሎ መሄዱ ለዚህ የራሱ ድርሻ እንዳለው ሳይዘነጋ።

ነገር ግን አብዛኛው ጉዞ የተካሄደው በመጀመሪያዎቹ ስድስትና ሰባት ዓመታት፣ ሲሚንቶ እየፈሰሰ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ እርምጃው የኤሊ ሆነ። የጀርመን 40 ታላላቅ ኩባንያዎች ከሚዘረዘሩበት ዳክስ ውስጥ፣ በርሊንን ትቶ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በምሥራቅ የሆነ አንድም የለም። ዋና መሥሪያ ቤት በሌለበት የምርምር ክፍሉ፣ የማስታወቂያ ሥራው፣ የሕግና የሒሳብ አማካሪው፣ ትልቁ ደመወዝ የለም። ምሥራቁ የሚገጥመውን ዕቃ ምዕራቡ ይነድፈዋል፣ ይሰይመዋል፣ ይሸጠዋል። ኢፋ ይሠራባት የነበረችው ሉድቪግስፌልደ ወደ መርሴዲስ ዞራ መኪና መገጣጠሟን ቀጠለች፤ ውሳኔው ግን ከሽቱትጋርት ይመጣል።

የተለየ ነገር የታየው ባለቤቱ በቦታው በቆየበት ነው። በየና ከተማ የነበረው የዛይስ የመነጽርና የሌንስ ድርጅት ሲከፈል አንዱ ክፍል የኖፕቲክ በሚል ስም በቱሪንገን ክፍለ ግዛት እጅ ቀረ። የምዕራቡ ፖለቲከኛ ሎታር ሽፔት በ1991 ተረክበው አክሲዮኑን በ1998 ለገበያ አቀረቡት፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬም የና ነው። ድሬስደንም በሶሻሊስቱ ዘመን ያፈራቻቸው የማይክሮ ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ስላልተበተኑባት ሲመንስና ኤኤምዲ በ1990ዎቹ የቺፕ ፋብሪካ ከፈቱባት፤ በ2024 ደግሞ የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ መሠረት ጥሏል። በአንጻሩ የሠለጠነ ሰው ሳይሆን ባዶ መሬትና ወደ 10 ቢሊዮን ዩሮ የሚጠጋ ድጎማ የቀረበለት ኢንቴል የማግደቡርግ ዕቅዱን በ2024 አዘገየ፤ በ2025 ሠረዘው።

ከሁሉ የሚገርመው ግን የፎልክስቫገን ታሪክ ነው። ኩባንያው በአንድ ወቅት ሁለት የሶሻሊስት መኪና ከተማዎችን ያዘ። በምሥራቅ ጀርመን ትራባንት ይሠራባት በነበረችው ትስቪካው ፋብሪካ አቋቋመ፤ የትራባንት ስም በ1991 ተቀበረ። በዚያው ዓመት ስኮዳን ከቼኮዝሎቫኪያ መንግሥት መግዛት ጀመረ። ቼኮቹ ሀብታም ወንድም አልነበራቸውም፤ ገንዘባቸውን ግን ደጋግመው አርክሰው ስለነበር የሠራተኛቸው ጉልበት ገዢን የሚያጓጓ ነበር፤ በድርድሩ ላይም የራሳቸው መንግሥት እንደ ሻጭ ተቀምጧል። ስሙ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱና የንድፍ ክፍሉ ምላዳ ቦለስላቭ ቀሩ። ትስቪካው ደመወዙና መንገዱ ከቼኮቹ ይበልጥ ነበር፤ የራሷ መኪና ግን የላትም።

በታኅሣሥ 2024 ፎልክስቫገን ወጪ ለመቀነስ ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር ሲስማማ የምዕራቧ ኦስናብሩክም አልቀረላትም። ሆኖም በድሬስደን ያለው አነስተኛ ፋብሪካው በ2025 መኪና መገጣጠም እንዲያቆም ተወሰነ፤ ትስቪካው የሚሠሩት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ሞዴሎችም ከ2027 ጀምሮ ወደ ሌላ ፋብሪካ እንዲዛወሩና ለከተማይቱ አንድ የአውዲ ሞዴል እንዲቀር ተፈረመ። ከሚዛወሩት አንዱ፣ አይዲ 3 የተባለው፣ የሚሄደው ዋና መሥሪያ ቤቱ ወዳለባት ወደ ቮልፍስቡርግ ነው።