የመጫወቻ ባቡርም ዘመን አለው

አዲስ አበባ፣ ጎሮ ላይ የሚያድግ ልጅ ባቡር ሲባል ቶሎ የሚታየው በሲኤምሲና በአያት በኩል የሚያልፈው የከተማው ቀላል ባቡር ነው። ያ ባቡር መንገደኛ መጫን የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ከሁለቱ በፊት አገሪቱን ከባሕር በር ጋር አገናኝቶ የኖረውን፣ ጭስ እየተፋ ለገሃር ጣቢያ ይገባ የነበረውን ባቡር ግን ይህ ልጅ አላየውም፤ ቆሞ የሚያይበት ሃዲድም አልቀረለትም። የሚገዛለት የፕላስቲክ ባቡር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በባትሪ የሚሽከረከር፣ ጭስ ማውጫው አፈ ሰፊ የሆነ፣ ከፊቱ ከብት የሚገፋበት የብረት መረብ ያለው፣ ከአሜሪካ የካውቦይ ፊልም የተቀዳ ነው። እንግዲህ የለገሃርን ባቡር በጉዞ ላይ ሳለ ለዚህ ልጅ ሊያሳየው የሚችል ፊልም ብቻ ነው። ፊልም ብቸኛው ምስክር በሆነበት ጉዳይ ቃሉን መጠበቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ያለፈ ዘመንን የሚተርክ ፊልም በሚያሳየው ባቡርም፣ በአንድ ገጸ ባሕርይ ልጅ እጅ ላይ በሚያስቀምጠው መጫወቻም፣ ለዘመኑ ታማኝ መሆን ይገባዋል።

ባቡርን ለይቼ ያነሳሁት ቀኑ ቁርጥ ብሎ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሃዲዱን ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ሲሆን ሥራው ከጅቡቲ የተጀመረው ግን በ1890 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የዓድዋን ዘመቻ የሚያሳይ ፊልም ኢትዮጵያ ውስጥ ባቡር ካሳየ ያለ ዘመኑ አመጣው ማለት ነው። ሃዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መጀመሪያ አንድ ባላባት ከዚያ ሕንፃ ደጃፍ ሲወርድ ልናየው አይገባም። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የሞዓ አንበሳ ሐውልት የባሰ ያሳስታል። በ1923 ዓ.ም. ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ በዓል ቆመ፤ ፋሺስቶች ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ የተመለሰውም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ስለዚህ በ1940 ዓ.ም. የሚፈጸም ታሪክ አንበሳውን ከጣቢያው ፊት ካቆመው፣ አገር የተዘረፈችበትንና ንብረቷን የጠየቀችበትን ከሃያ ዓመት የበለጠ ታሪክ በአንድ ሥዕል ይሰርዘዋል።

ስሕተቱ ጌጥ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ትረካውንም ያበላሸዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን ይፈጅበት ነበር፤ ሌሊት ስለማይኬድ ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። የአዋሹ ቡፌም ስሙ የገነነው ከዚሁ የተነሳ ነው። ጠዋት ጅቡቲ ተሳፍሮ ማታ ሸገር እራቱን የሚበላ ገጸ ባሕርይ የሚጽፍ ደራሲ፣ ሁለት ሌሊት ሙሉ የሚፈጠረውን ወሬ፣ ትውውቅና ጠብ ይጥላል። ከባቡሩ ያጎደለው ከታሪኩም ይጎድላል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. በባቡር ወደ ጅቡቲ ያቀኑበትን ጉዞ ያሰበ ሰው፣ ያ ሃዲድ የአንድ አገር ዕጣ የተላለፈበት መንገድ እንደነበር ይገባዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈትን ነገር አለ። የምጽዋ–አስመራ ሃዲድ የእንፋሎት ሞተሮች ተጠግነው ስለተነሡ ተራራውን ሲወጡ የሚያሳይ ውብ ምስል በቀላሉ ይገኛል። የእኛን የድሮ ባቡር ለማሳየት የፈለገ ሰው ያንን ቢቀዳ የሚያውቅ ዓይን ወዲያው ይለየዋል። የአስመራው ጣሊያኖች የሠሩት ሲሆን የሃዲዱ ስፋት 95 ሴንቲሜትር ነው፤ የጅቡቲው በፈረንሳይ ኩባንያ የተሠራ፣ ስፋቱም አንድ ሜትር ነው። ያኛው ገደል እያካለለ ዳመና ውስጥ ይገባል፤ ይኸኛው ረዥሙን መንገድ በግራርና በአሸዋ መካከል ይሄዳል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ በ1.435 ሜትር ሃዲድ ላይ ነው የሚሮጠው። ሦስቱ የሦስት ታሪክ ምልክት ናቸውና አንዱን በሌላው መተካት የአንዱን ሰው ፎቶ በሌላው ስም እንደ መስቀል ነው።

አሁን ወደ መጫወቻው ልምጣ፤ እዚህ ላይ የሚንቀኝ ሰው ይኖራልና። በ1925 ዓ.ም. በአንድ የመኳንንት ቤት ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ልጅ እንበል። ባቡር ቢኖረው ከአውሮፓ የመጣ፣ በቁልፍ የሚጠመዘዝ፣ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ባቡር ይሆናል፤ የጀርመኑ ማርክሊን እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ፣ የእንግሊዙ ሆርንቢ ከ1920 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ይሠሩ ነበር። የፕላስቲክ ባቡር በዚያ እጅ ላይ መታየት የለበትም። የደሃውን ልጅ መጫወቻ ማሳየት ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ፋብሪካ ያልሠራውና ስም የሌለው ስለሆነ ማንም የፈለገውን የሚያስቀምጥበት ይመስለዋል። የሰርዲን ቆርቆሮ በሽቦ ተቀጣጥሎ ፉርጎ ሲሆን፣ ቆርኪ ደግሞ ጎማ ሲሆን አስቡት። ቆርኪው ራሱ የልደት ቀን አለው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው፤ ኮካ ኮላ እዚህ አገር መታሸግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የሚጫወት ልጅ በኮካ ቆርኪ የሚሽከረከር ባቡር ከጎተተ ሩብ ምዕተ ዓመት ተዘለለ ማለት ነው። በውሃ ሃይላንድ ክዳን የሚሄድ መኪናም የታሸገ ውሃ በየሱቁ ከተደረደረ በኋላ የመጣ ነው። አንዲት ክዳን ዘመን ትናገራለች።

«ፊልም ጥበብ ነው፤ የታሪክ መጽሐፍ አይደለም» የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። ተመልካች የሚያለቅሰው ለሰው እንጂ ለሃዲድ ስፋት አይደለም፤ ጥበብም የመፍጠር ነጻነት ከሌለው ይሞታል። ሆኖም ነጻነት የሚባለው አውቆ መተው ነው። ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ2011 የሠራው «ሁጎ» በ1931 ፓሪስ ውስጥ የሚፈጸም ታሪክ ነው፤ ነገር ግን በ1895 በሞንፓርናስ ጣቢያ ግድግዳ ጥሶ የወጣውን ባቡር በልጁ ሕልም ውስጥ አስገብቶታል። ሕልም መሆኑን እኛም እናውቃለን፤ ትዕይንቱም ከዘመኑ የወጣው ታስቦበት ነው። በዚያው ፊልም የዝነኛው ፊልም ሠሪ የዦርዥ ሜሊየስ የመጫወቻ ሱቅ በጣቢያው ውስጥ መታየቱ ደግሞ ከእውነት የተወሰደ ነው፤ ሜሊየስ በእርጅናው እዚያ መጫወቻ ይሸጥ ነበር። ከእኛም ዘንድ የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት የሚቀርቡበትን የቆየ የፍርድ ወግ አጥንቶ ተነሣ፤ ድራማው ያገኘው ኃይል ከዚያ ወግ ነው። ዘመኑን ማወቅ ምናብን አላሰረውም። አውቆ የዘለለና ሳያውቅ የተሳሳተ ሁለቱም «ጥበብ ነው» ቢሉ ቃሉ ለመጀመሪያው ብቻ ይስማማል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ከስፖንሰር ወደ ስፖንሰር እየዞረ የሚለምን ፕሮዲዩሰር የእንፋሎት ሞተር ከየት ያመጣል? እውነት ነው፤ ግን ትክክለኛነት ሁልጊዜ ውድ አይደለም። ባቡሩን ሙሉውን ማሳየት ግዴታ አይደለም፤ የፊሽካ ድምፅ፣ በመስኮት ላይ የሚያልፍ ጥላ፣ በእጅ ላይ ያለ ትኬት ይበቃል። የድሬዳዋው የምድር ባቡር ጋራዥ አሮጌ ሞተሮችንና ፉርጎዎችን እስከ ዛሬ ይዟል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የቆዩ ፎቶዎች አሉት። ስሕተት ያለበት የፕላስቲክ ባቡር ከሱቅ በገንዘብ ይገዛል፤ ትክክለኛው የሽቦ ባቡር ግን ከቆርቆሮና ከአንድ የሰፈር ልጅ እጅ ይሠራል። እንግዲህ በብዙ ትዕይንቶች ላይ ስሕተቱ ከትክክሉ የበለጠ ያስወጣል።

ሦስተኛው «ማን ያየዋል?» የሚለው ነው። በድሬዳዋ ከዚራና ለገሃሬ፣ በአዋሽና በመተሐራ፣ ከሃዲዱ እንጀራ የበሉ ቤተሰቦች ያዩታል፤ አባታቸው የጠገኑት ሞተር በሌላ አገር ሞተር ተተክቶ ሲያዩ ዝም ቢሉም ይከፋቸዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን የምጨነቀው ለማያየው ነው። የሚያውቅ ሰው ስሕተትን ያርማል፤ የማያውቅ ሰው ይማርበታል። የጎሮው ልጅ በፊልም ያየውን የአሜሪካ ባቡር የአያቱ ባቡር አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ ከአእምሮው የሚያወጣለት የለም፤ አያቱ ሲያልፉ ደግሞ ጠይቆ የሚያጣራበትም አይኖርም። ፒያሳን የመሰሉ ሰፈሮች እየፈረሱ በሄዱ ቁጥር ካሜራ ወስዶ «ይኸውና» ለማለት የሚቻልበት ቦታ እያነሰ ነው፤ በመጋረጃው ላይ ያለው ዕቃ ብቻውን ዘመኑን ይሸከማል።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ያለፈ ዘመንን የሚሠራ የፊልም ቡድን ሁሉ፣ ዕቃ ሲያሰናዳ፣ በእያንዳንዱ ላይ «ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚል አንድ ሰው ይመድብ፤ መልሱን ከምድር ባቡር ጡረተኞችና ከቤተ መዛግብት ይፈልግ፤ መልስ ሲያጣ ዕቃውን ከትዕይንቱ ያውጣው። ያኔ ልጁ ከፊልሙ የሚያገኘው አንድ ሜትር ሃዲድ፣ ሁለት ሌሊት መንገድና ከቆርቆሮ የተሠራ ፉርጎ ይሆናል፤ አያቶቹ የሄዱበትና የተጫወቱበት፣ ጠይቆ ቢያጣራው የሚጸናለት።