ዝም ያለ ሽቦ አይታመንም

ኮረንቲ አይታይም፤ አይሸትም። በእጁ የሞከረውን ሰው ግን ይይዛል።

ባምቢስ አካባቢ ጎረቤታችን ቤት ሶኬት ተበላሸ። በሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር። ልጃቸው፣ "መብራት የለም፤ አሁን ልሥራው" አለ። እናቱ፣ "ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርድ" አሉት። አወረደው። ወዲያው የጎረቤት ሬዲዮ ጮኸ። መብራት መጥቶ ነበር! ሁላችንም ክው አልን። ብሬከሩ ባይወርድ ኖሮ 220 ቮልት በልጁ እጅ ላይ ይደርስ ነበር።

እስክሪብቶ የሚመስል መፈተሻ አለ። ቴስተር ይባላል። በባትሪ ይሠራል። ጫፉን ወደ ሽቦው ላስቲክ እናስጠጋለን። ኮረንቲ ካለ ይበራል፤ ይጮኻል። ባዶውን ሽቦ መንካት አያስፈልግም።

ነገር ግን ቴስተሩ ዝም ሲል ቶሎ አንመነው። ባትሪው አልቆ ይሆናል። ሽቦው በብረት ቱቦ ውስጥ ካለም አይሰማውም። ስለዚህ ሦስት ጊዜ እንሞክር።

1. መጀመሪያ፣ በሚሠራ ሶኬት ላይ እንሞክረው። መጮኽ አለበት።
2. ብሬከሩን አውርደን፣ የምንነካቸውን ሽቦዎች ሁሉ አንድ በአንድ እንፈትሽ።
3. እንደገና በሚሠራ ሶኬት ላይ እንሞክረው። ቤታችን አንድ ብሬከር ብቻ ካለው፣ ጎረቤት ሄደን እንሞክር።

መብራት በጠፋ ሰዓት ግን ቴስተር አይረዳንም። ያን ጊዜ ሽቦው ሁሉ ዝም ይላል። መብራት ደግሞ ሳይነግረን ይመጣል።

የወደቀ የመንገድ ሽቦ ካየን፣ ቴስተር ይዘንም ቢሆን አንጠጋው። ልጆችን እናርቅ። ለኤሌክትሪክ አገልግሎት እንንገር።

ጥያቄ፦ ቴስተሩ ዝም ቢል ሽቦውን ወዲያው እንነካለን? ለምን?