የሮቤና የጎባ ዕድርተኞች ሆይ፣ አጀንዳ ጨምሩ!

በሮቤም ሆነ በጎባ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ አግዳሚ የሚያወርድ፣ ሌሊቱን ከለቀስተኛው ጋር የሚያድር ሰው አይጠፋም። ያው ሰው ግን ቧንቧው ሲደርቅ ለብቻው ማዘጋጃ ቤት ደጅ ይጠናል፤ «ነገ ተመለስ» ሲሉትም አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ይህ መቅረት አለበት!

ዕድራችንን እንደ ቀብር ማስፈጸሚያ ብቻ ማየታችን ይገርመኛል። ስብሰባውን አስቡት። ጸሐፊው ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ገንዘብ ያዡ ወጪ ሲያነብ ከኋላ የተቀመጡ አዛውንት «የድንኳኑ ማሳደሻ ደረሰኝ የታለ?» ይላሉ፤ ደረሰኙ ካልመጣ ሒሳቡ አይጸድቅም። ሰብሳቢው ከሰነፈ በምርጫ ይወርዳል፤ ወርዶም እንደ ወትሮው ከጎረቤቶቹ ጋር ቡና ይጠጣል። በሀገራችን ፖለቲካ እንዲህ ያለ አወራረድ ብርቅ ነው። እኛ ግን ስንለማመደው ኖረናል።

«ደሃ ተደራጅቶ ከመንግሥት ምን ያገኛል?» ለሚል ሩቅ አልወስደውም። በ1990ዎቹ ዶዶላና አዳባ ላይ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ፤ የአንዱ ማኅበር አባላት ከ30 አባወራ አይበልጡም ነበር። ከመንግሥት ጋር ውል ተፈራረሙ፣ ደኑን በጋራ ጠበቁ፣ ተጠቀሙበትም። ቁጥሩን ማሳነሱ ብልህነት ነበር፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ዛፍ የቆረጠው ማን እንደሆነ አይደበቅም።

ትውውቅ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ጥቅምት 2012 ዶዶላ ላይ በተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ያኔ መከላከያ ሠራዊት ከተሰማራባቸው ከተሞች አንዷ ባሌ ሮቤ ነበረች። የእምነት ልዩነት ሳያግዳቸው ለቅሶና ሠርግ ሲጠራሩ የኖሩ ሰዎች ባሉበት አካባቢ ነው ይህ የሆነው። አሹቶሽ ቫርሽኒ የተባለ ምሁር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የሕንድ ከተሞችን አነጻጽሮ ነበር። ሂንዱና ሙስሊም በአንድ የነጋዴ ወይም የሠራተኛ ማኅበር የታቀፉባት ካሊከት ሰላሟን ስትጠብቅ፣ እንዲህ ያለው ድርጅት የሳሳባት አሊጋር በተደጋጋሚ ታምሳለች። ፖለቲከኛ እሳት ሲጭር ከመጠያየቅ ይልቅ የጋራ ማኅበር የበለጠ ይከላከላል ነው ነገሩ።

ስለዚህ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ የላይ ሰፈሩም የታች ሰፈሩም ዕድሮች የጋራ ኮሚቴ ያቋቁሙ። የቀብር ሥርዓታቸው እንደየእምነታቸው ይሁን፤ ውኃ፣ መንገድና ጸጥታ ግን የጋራ ናቸው። ክፉ ወሬ በተነዛ ሌሊት የኮሚቴው አባላት በየሰፈራቸው ወጥተው እውነቱን ያጣሩ፣ ወጣቱን ያረጋጉ። ሴቶችን ደግሞ ከጓዳ ወደ ጠረጴዛ አምጧቸው! ሐደ ሲንቄ፣ ማለትም የሲንቄ በትሯን የያዘች የኦሮሞ እናት፣ በተጣሉ ሰዎች መሐል ስትቆም ጠብ የሚቆምበት ሀገር ይዘን፣ ሴቶች በዕድር ሥራቸው ወጥ መሥራት ብቻ መሆኑ ያሳፍራል። ወጣቱንም እንዲሁ፤ ድንኳን ተሸካሚ ብቻ ካደረግነው ሌላ ሰው ሌላ ነገር ያሸክመዋል።

«መንግሥት በክፉ ቢያየንስ?» የሚል አይጠፋም። ፍርሃቱን አልንቀውም፤ መነሻ አለው። ነገር ግን የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዝዛል፤ አንቀጽ 30 በሰላም መሰብሰብንና አቤቱታ ማቅረብን ይፈቅዳል። ፊርማና ማኅተም ያለበት የብዙ ዕድሮች ደብዳቤ ደግሞ እንደ አንድ ሰው ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ አይቀርም።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ዕድርተኞች ሆይ፣ በግንቦት ስብሰባችሁ እጃችሁን አውጡና አንድ አጀንዳ አስይዙ፤ ከተማችን ዘንድሮ ለውኃና ለመንገድ የያዘው ገንዘብ ምን ላይ ዋለ? ሦስት ተወካይ ምረጡ፣ ከጎረቤት ዕድር ተወካዮች ጋር አገናኟቸው፣ ሰኔ ሳያልቅ ማዘጋጃ ቤት ላኳቸው። መልሱንም በሚቀጥለው ስብሰባ እንደ ድንኳኑ ሒሳብ ከነደረሰኙ ተቀበሏቸው!