ወደብ የሌለው አገር ውል የሚያነብ ልጅ ያሻዋል

በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በተገናኘን ቁጥር ቀይ ባሕር ሳይነሳ አይቀርም። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በዋሽንግተን የቡና ቤቶች፣ በየቴሌግራም ቡድኑ የአሰብ ነገር ይነሳል። አንዱ ታሪክ ይጠቅሳል፣ ሌላው ካርታ ያወጣል፣ ሦስተኛው «ዓለም አቀፍ ሕግ ከእኛ ጋር ነው» ብሎ ይደመድማል። የትኛው ሕግ፣ ስንተኛው አንቀጽ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም።

እስቲ በቅርብ የሆነ ነገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢትዮጵያ በሶማሊላንዱ የበርበራ ወደብ 19 በመቶ ድርሻ እንደምትይዝ ተነገረ። የዱባዩ የወደብ ኩባንያ ዲፒ ወርልድ 51፣ ሶማሊላንድ ደግሞ 30 በመቶ ሊይዙ ነበር። በየቤታችን ደስ አለን። በ2022 የሶማሊላንድ የገንዘብ ሚኒስትር ኢትዮጵያ የተቀመጡትን ቅድመ ሁኔታዎች በጊዜው ባለማሟላቷ ድርሻው እንደቀረ ተናገሩ። ጥይት አልተተኮሰም፣ ድንበር አልተዘጋም። ድርሻው የቀረው ቅድመ ሁኔታና የጊዜ ገደብ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዜና ያራገብነው ብዙዎች ነን፣ ሁለተኛውን የሰማነው ጥቂቶች።

ጅቡቲም ሌላ ምሳሌ ናት። የዶራሌ ኮንቴይነር ተርሚናል እ.ኤ.አ. በ2006 በውል ለዲፒ ወርልድ ተሰጠ፣ በ2018 የጅቡቲ መንግሥት ወሰደው። ጠቡ ወደ ለንደን የግልግል ዳኞች ሄዶ ለዓመታት ተከራከሩበት። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው። ስለዚህ የእናታችን መድኃኒትና የገበሬው ማዳበሪያ የሚያልፍበት በር ጉዳይ፣ እኛ ተከራካሪ ባልሆንንበት ችሎት፣ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ውል ላይ ሲመዘን ኖሯል ማለት ነው።

የባሕር በር ያለው አገር ቢያንስ በገዛ ወደቡ ላይ ሕግ ያወጣል። በሩን ያጣ አገር በእጁ የሚቀረው ውል ነው። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይሉ የለ አባቶቻችን? ስለዚህ የባሕር ሕግ የተማረ ሰው ከጅቡቲም ከሶማሊላንድም ይልቅ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው። ይህ ትምህርት በብዛት የሚሰጠው ደግሞ እኛ በምንኖርባቸው አገሮች ነው።

ዓለም አቀፉ ሕግ በእርግጥ ምን ይለናል? እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ከአንቀጽ 124 እስከ 132 የባሕር በር ስለሌላቸው አገሮች ይናገራል። ወደ ባሕር የመድረስና በጎረቤት አገር የመተላለፍ መብት ይሰጣል። በመተላለፊያ ላይ ያለ ዕቃ፣ ለተሰጠው አገልግሎት ከሚከፈለው በቀር፣ ቀረጥ እንዳይጣልበት ይከለክላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ባሕር ያለውም የሌለውም አገር በሰንደቅ ዓላማው መርከብ ማሠማራት እንደሚችል ይደነግጋል። ይሁን እንጂ አንቀጽ 125 አፈጻጸሙን በአገሮቹ ስምምነት እንዲወሰን ይተወዋል። ማለፍን እንጂ ባለቤትነትን አይሰጥም። ኢትዮጵያም ስምምነቱን ብትፈርምም ለአስርት ዓመታት ሳታጸድቀው ቆይታለች። «ሕጉ ከእኛ ጋር ነው» የሚለው ሰው ግማሹን እውነት ተናግሯል፣ ሌላው ግማሽ ግን በድርድር ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ነው።

ወደ አገር ቤቱ ሕግ ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከነክናል። የባሕር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ ምጽዋና አሰብ በእጃችን በነበሩበት ዘመን። ላኪው የዕቃውን ዋጋ አስቀድሞ በሰነዱ ላይ ካላስመዘገበ፣ ዕቃው ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ የመርከብ አጓጓዡን ኃላፊነት ለአንድ ጥቅል 500 የኢትዮጵያ ብር ላይ ይገድበዋል። ያኔ ይህ 200 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ብር በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ 500 ብር አምስት ዶላር አይሞላም። መልቲሞዳል ለሚባለው፣ ከመርከብ እስከ ደረቅ ወደብ በአንድ ውል ለሚጓዝ ዕቃ፣ በ1999 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጥቷል። ዋናው ሕግ ግን ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይተካ ኖሯል። በአንጻሩ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣችውን የባሕር ሕግ በ2023 በአዲስ ተክታለች።

የኃላፊነት ገደብ ጉዳይ ከእኛም ኪስ ሩቅ አይደለም። ከአሜሪካ ወደ ጅቡቲ ዕቃ ለምትልኩ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ኃላፊነቱን ለአንድ ጥቅል 500 ዶላር ላይ ይገድባል። ኮንቴይነሩ እንደ አንድ ጥቅል ይቆጠራል ወይስ በውስጡ ያሉት ካርቶኖች? ፍርድ ቤቶቹ በአብዛኛው የሚመለከቱት ቢል ኦፍ ሌዲንግ በሚባለው የጭነት ሰነድ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። «አንድ ኮንቴይነር፣ የቤት ዕቃ» ብሎ መፈረምና «80 ካርቶን» ብሎ ማስጻፍ በገንዘብ ብዙ ይለያያሉ። ይህን ከአደጋው በፊት የሚነግር ሰው በማኅበረሰባችን ውስጥ ቢኖር ስንቱ ነጋዴ በተጠቀመ!

ታዲያ ትምህርቱ የት ነው? ሁሉም ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት ሰው አያወጣም፤ መጀመሪያ ምን መሆን እንደምትፈልጉ ወስኑ።

የንግድ መርከብ ውል፣ ኢንሹራንስና የግልግል ዳኝነት የሚስበው እንግሊዝን ያስብ። አብዛኛው የመርከብ ኪራይ ውል የሚገዛው በእንግሊዝ ሕግ ነው፣ ክርክሩም ለንደን ይሄዳል። ሳውዝሃምፕተንና ስዋንዚ በዚህ የታወቁ ናቸው፣ ማስተርሱም አንድ ዓመት ነው። አሜሪካ ያለ ሰው በኒው ኦርሊየንስ የሚገኘውን ቱሌን ዩኒቨርሲቲን ይመልከት። በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የሦስት ሴሚስተር ማስተርስ አለው። ሆኖም እ.ኤ.አ. ከ2023 መኸር ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት፣ ከአውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠናና ከስዊዘርላንድ ውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ትምህርቱ በክፍያ ሆኗል። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ዓይነት ክፍያውን ሊለውጠው ስለሚችል ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሕግ ማውጣትና ፖሊሲ ለሚስበው ደግሞ የዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳይ ድርጅት ያቋቋማቸው ሁለት ተቋማት አሉ። አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በስዊድን ማልሞ የሚያስተምረው የዓለም የባሕር ጉዳይ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው በማልታ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ ከቦታዎቹ ግማሹን ለሴቶች ይጠብቃል። እህቶቻችን ይህን ልብ በሉ። በማልታው ተቋም ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር አለ። ተማሪዎች አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነት በአገራቸው ሕግ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ ረቂቅ ሕግ ከነማብራሪያው ያዘጋጃሉ። ኢትዮጵያዊ ተማሪ ቢሆን የመመረቂያ ሥራው የ500 ብሩን አንቀጽ የሚተካ ረቂቅ ሊሆን ይችላል፤ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጥ የሚተርፍ ጽሑፍ ማለት ይህ ነው።

ነገሩን ግን በማር ለውሼ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ማስተርስ ብቻውን ጠበቃ አያደርግም። ፍርድ ቤት መቆም የየአገሩን ፈተናና ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኒው ዮርክም የውጭ ዲግሪን ገምግማ ነው ለፈተና የምታስቀምጠው። የተማሪ ቪዛም የሥራ ፈቃድ አይደለም። ወጪው ከባድ ነው፣ በብድር የሚገባ ሰው ከመግባቱ በፊት በደንብ ያስላ። በሌላ በኩል በመርከብ ኢንሹራንስ ክለቦች፣ በጭነት አስተላላፊዎችና በወደብ አስተዳደሮች የጥብቅና ፈቃድ የማይጠየቅባቸው የካሳና የውል ሥራዎች አሉ። አገር ቤትም ሥራው አለ፤ ኢትዮጵያ የራሷ መርከቦች ያሏት፣ በ1956 ዓ.ም. የተመሠረተውን የመርከብ ድርጅት ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጋር በአንድ ተቋም ያዋሃደች፣ በባሕር ዳር መርከበኞች አሠልጥና በውጭ መርከቦች ላይ የምታሠማራ አገር ናት። ኮንቴይነር ከተፈቀደለት ቀን በላይ በቆየ ቁጥር በዶላር የሚከፈለውን ዲመሬጅ የሚያውቅ አስመጪ ሁሉ የዚህን ሙያ ዋጋ ያውቃል።

ልጆቻችን ሐኪም ወይም ኢንጂነር ካልሆኑ የሚከፋን ወላጆችም ብንሆን ይህን ብናስብበት መልካም ነው። ከአገር ቤት የሕግ ዲግሪ ይዞ መጥቶ ታክሲ የሚነዳ ወይም ሆቴል የሚሠራ ስንት ሰው በመካከላችን አለ! የብዙዎቹ ዲግሪ ለማስተርስ ማመልከቻ የሚበቃ ነው። የጎደላቸው የሚያሳውቃቸውና የሚያግዛቸው ነው።

ለየማኅበራቱ መሪዎች የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየዓመቱ ለአዳራሽ፣ ለዘፋኝና ለድምፅ ማጉያ ከምናወጣው ላይ ቀንሰን፣ ሁለት ሦስት ማኅበራት ተባብረን በዓመት አንድ ተማሪ እናስተምር። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ይሁን። የመመረቂያ ሥራው በኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ሕግ ወይም በመተላለፊያ ስምምነቶች ላይ ይሁን፣ ሲጨርስም በአማርኛ አሳጥሮ ለሁላችንም ያቅርብልን። በአሥር ዓመት አሥር ሰው ይኖረናል። ከአሥሩ ሁለቱ እንኳ ቀጣዩ የወደብ ውል ሲረቀቅ ከጠረጴዛው ዙሪያ ቢገኙ፣ ቅድመ ሁኔታውንና የጊዜ ገደቡን ከፊርማው በፊት የሚያነብ ሰው አገኘን ማለት ነው።